ጨቅላው ሲላክ እናቱም አብራ ትላክ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በክልላችን ሆስፒታሎች ስለሚገቡ አዳዲስ የሕክምና መሣሪያዎች በየጊዜው ትዘግባላችሁ። ለጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ ገባ፣ ኦክስጅን ማምረቻ ተተከለ የሚል ዜና ሳነብ ከልቤ ደስ ይለኛል። ልጄ ዛሬ በሕይወት ያለችው እነዚህ መሣሪያዎችና ሌሊቱን ሙሉ ከአጠገባቸው የማይጠፉ ነርሶች ስለነበሩ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሲነሣ አላየሁም። ማሞቂያው ውስጥ የተኛው ሕፃን እናት የት ታድራለች?

ልጃችን የተወለደችው ስምንተኛው ወር ሲገባ ነው። የባለቤቴ የደም ግፊት በድንገት በማሻቀቡ በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ ተደረገ። የሕፃኗ ክብደት ከአንድ ኪሎ ተኩል እምብዛም አይበልጥም፤ ትንፋሿም ይቆራረጥ ነበር። ሐኪሙ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈላት፤ ውሳኔው ተገቢ ነበር፣ አመሰግነዋለሁም። ሪፈሩ ግን የሕፃኗ ብቻ ነው። እናቲቱ ከቀዶ ሕክምና ገና መውጣቷ ስለነበር እዚያው ቀረች፤ እኔ ሕፃኗን ከያዘችው ነርስ ጋር አምቡላንስ ውስጥ ገባሁ። ተቀባዩ ሆስፒታል ደርሰን መጀመሪያ የተጠየቅሁት «እናቷስ?» ተብዬ ነበር። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መጠየቅ የነበረበት ግን አምቡላንሱ ሳይነሣ ነው።

እናት ለምን እንደምታስፈልግ ያላየው ሰው ላይገባው ስለሚችል በዝርዝር ልጻፍ። 34 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን ማቀናጀት አይችልም። ስለዚህ ወተቱን የሚወስደው በአፍንጫው በኩል ወደ ሆዱ በገባ ቀጭን ቱቦ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰጠው በሲሪንጅ የሚለካ ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው፤ ያች ጥቂት ጠብታ ግን እንገር ከሆነች ምግብም መድኃኒትም ናት። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን አንጀት ስስ ነው፤ በዱቄት ወተት የሚመገቡት አንጀትን ለሚያቆስል አደገኛ ሕመም ይበልጥ ይጋለጣሉ። የእናት ወተት ደግሞ ካልታለበ አይመጣም፤ ቀን ከሌት በየሁለት ሦስት ሰዓቱ መታለብ አለበት። ልጇን በዓይኗ ያላየች፣ ቁስሏ ያልደረቀ እናት ብቻዋን ተኝታ ለማን ብላ ታልባለች? አልባስ በምን ትልከዋለች? ማቀዝቀዣ ውስጥ ያልገባ የታለበ ወተት ከ4 ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመረጣል። ከጎጃም ወረዳ ከተሞች በአንዱ መናኸሪያ ቆሞ መኪናው እስኪሞላ የጠበቀ፣ መንገድ ተዘግቶ ያደረ ሰው 4 ሰዓት ምን ያህል አጭር እንደሆነ ያውቃል። ባለቤቴ ከልጇ አጠገብ እስክትደርስ ወተቷ ሊነጥፍ ምንም አልቀረውም ነበር። የተመለሰው ልጇን ደረቷ ላይ ካስተኟት በኋላ ነው።

ከመጣችም በኋላ ቢሆን ቦታ አልነበራትም። ከወለደችበት ሆስፒታል ስለወጣች ታካሚ አይደለችም፤ በሁለተኛው ሆስፒታል መዝገብ ላይ ያለችው ልጇ ናት። እናቲቱ አስታማሚ ተብላ ተቆጠረች፤ ለአስታማሚ ደግሞ አልጋ የለም። በእኛ አገር አራስ እንዴት እንደምትያዝ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ነፋስ እንዳይነካት በሩ ይዘጋል፤ ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይቀርባል፣ እናቷ ከአጠገቧ አትለይም። ባለቤቴና አብረዋት የነበሩት እናቶች ግን በአራስ ወገባቸው ኮሪደር ላይ ጋቢ አንጥፈው ነው ያደሩት። ከመካከላቸው በቀዶ ሕክምና የወለዱ ነበሩ። ከገጠር ቀበሌ የመጡት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርዳቸውን ይዘዋል፤ ካርዱ ሕክምናውን እንጂ ማደሪያና እራት አይሸፍንም። ሌሎች ልጆች ቤት ጥላ የመጣች እናት፣ ባሏ አጨዳ ላይ ያለ፣ የቋጠረችው በሶ ያለቀባት፣ ምን ታድርግ? አንዷ ስታለቅስ ቆይታ ወደ አገሯ ሄደች። ጨክና የሄደች አይደለችም፤ የምትቆይበት ስላጣች ነው።

ወደ ክፍሉ መግባት የሚፈቀደው ሕፃኑ በሚመገብበት ሰዓት ብቻ ነበር። ሐኪሞች ዙር ሲያደርጉ ወላጅ ይወጣል። እስቲ አስቡት፤ ስለ ልጃችሁ ሳምባ፣ ስለ ልጃችሁ ደም፣ ስለሚጨመረውና ስለሚቀነሰው መድኃኒት የሚመከርበት ሰዓት ወላጅ በር ላይ የሚቆምበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መረጃ ከነርሷ ፊት የሚነበብ ነው። በመስኮት የኦክስጅኑን ቁጥር ማንበብ ለመድን፤ ከ90 ሲወርድ እኛም አብረን እንወርዳለን፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የጮኸው ማሽን ከእግሯ ሽቦው ስለተንሸራተተ እንጂ ሌላ አልነበረም። ይህን የሚነግረን ሰው ቢኖር ያን ያህል አንደነግጥም ነበር። ከነርሶቹ አንዷ ግን ጊዜ ወስዳ አስተማረችን። ሕፃን ያለ ጊዜው ሲወለድ አእምሮው መተንፈስን ሊዘነጋ እንደሚችል፣ ያን ጊዜ የእግሩን መዳፍ ቀስ አድርጎ ማሸት ብዙውን ጊዜ እንደሚያነቃው አሳየችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ለቅሶ አቆመች። የምትሠራው ሥራ አገኘች፤ እኔም እንደዚሁ።

ይህ የአንድ ቤተሰብ ብሶት ብቻ ቢሆን ገጻችሁን አላጣብብም ነበር። እናትና ጨቅላ አለመለያየታቸው ሕይወት እንደሚያድን የተረጋገጠ ነው። ሕፃኑን ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ የማቆየት ዘዴ፣ የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ የተጀመረው ማሞቂያ ስለማይበቃ ነበር። በአገራችንም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ፈትነውታል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው ጥናታቸው በተለመደው መንገድ ከታከሙት ዝቅተኛ ክብደት ያላቸው ሕፃናት ከመቶ 38 ያህሉ ሲሞቱ፣ ቶሎ በእናታቸው ደረት ላይ ከተደረጉት የሞቱት ከመቶ 23 ያህሉ ናቸው። ልብ በሉ፤ ይህ በሩቅ አገር የተገኘ ውጤት አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ፣ በእኛው እናቶች ደረት ላይ የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደ ትልቅ ጥናት ይፋ ሆነ። በዚያ ጥናት እናቶች ከልጆቻቸው ጋር እዚያው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ አልጋ ተሰጥቷቸው ነበር፤ በ28 ቀናት ውስጥ የሚሞቱት ሕፃናት በሩብ ያህል ቀነሱ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 መመሪያውን አሻሽሎ እንክብካቤው ልክ እንደተወለዱ እንዲጀመር፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሰጥ፣ ቤተሰብም በሕፃኑ እንክብካቤ እንዲሳተፍ መክሯል። የመመገቢያ ሰዓት ብቻ እየጠበቀች የምትገባ እናት 8 ሰዓት ከየት ታመጣለች?

የሚነሡት ተቃውሞዎች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱንም ከሆስፒታል ሰዎች አፍ ሰምቻለሁ። አንደኛው ሰው በበዛ ቁጥር ኢንፌክሽን ይበዛል የሚለው ነው። እጅን በሚገባ መታጠብ ግዴታ ነው፤ ዘመድ አዝማድ ይግባ የሚልም የለም። ሆኖም ከላይ በጠቀስኩት የአምስት አገሮች ጥናት እናት አጠገባቸው በነበረችባቸው ሕፃናት በኢንፌክሽን የተጠረጠሩት ቁጥር አነሰ እንጂ አልበዛም። እናት እንግዳ አይደለችም። ሁለተኛው ቦታ የለም የሚለው ነው፤ ይህ እውነት ነው፣ የምናየው ነው። ቦታ የማይፈለግለት ነገር ግን ዘላለም ቦታ አያገኝም። አዲስ ሕንፃ ሲነደፍ ማሞቂያው የሚቀመጥበት ይለካል፤ የእናት አልጋም አብሮ ይለካ።

ደግሞ እኛ ይህን ሥራ የምናውቀው ነው። በየጤና ጣቢያው ያሉትን የእናቶች ማቆያዎች ያቆመው ማን ነው? ቤቷ ከመንገድ የራቀ ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቀርብ መጥታ የምታርፍበትን ቤት ገበሬው እንጨት እያዋጣ ሠራው፤ ጤፍና ቅቤም ያዋጣል፤ ሴቶቹ ገንፎ ያገነፋሉ። በቃሬዛ ተሸክሞ ከአምቡላንስ የሚያደርሰውም ያው ሕዝብ ነው። ይህ ሁሉ ድካም ከመውለዷ በፊት ላለችው እናት ነው። ወልዳ ልጇ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገባ ግን ያንኑ ቤት የሚያስታውሳት የለም። በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በሞጣ፣ ጨቅላ የሚያክም ሆስፒታል በግቢው ውስጥ አንድ ማቆያ ቤት ይኑረው ቢባል ሕዝቡ እጁን የሚያጥፍ አይመስለኝም። እድሮቻችንና የጽዋ ማኅበሮቻችን ከዚህ የከበደ ነገር ተሸክመዋል።

ስለ አባቶችም አንድ ነገር ልበል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀናት ነው። ጤነኛ ልጅ ለተወለደለትም አጭር ነው፤ ልጁ በቱቦ ለሚመገብለት አባት ግን ጉዞውንም አይሸፍንም። ባለቤቴ ሌላ ከተማ በነበረችበት ጊዜ ሕፃኗን ደረቴ ላይ የያዝኋት እኔ ነበርኩ፤ አባትም ሆነ አያት ይህን ማድረግ ይችላል። ሕጉ ሲሻሻል ልጁ ሆስፒታል ለተኛበት ወላጅ የተለየ ድንጋጌ እንዲጨመር እጠይቃለሁ።

ጉዳዩ ትንሽ ነው የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ እንደሚሞቱ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው ጥናት ቁጥሩ 29 ነበር።

ሕንፃ ጊዜ ይወስዳል፤ አዋጅም እንዲሁ። አንድ ነገር ግን በዚህ ወር ሊጀመር ይችላል። የክልሉ ጤና ቢሮ በጨቅላ ሕፃናት የሪፈር ወረቀት ላይ «እናት አብራ ተልካለች?» የሚል መስመር ይጨምር፤ ካልተላከች ምክንያቱና የምትላክበት ቀን እንዲጻፍ ያስገድድ። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ሁኔታዋ ከፈቀደ በዚያው አምቡላንስ ተኝታ ትሂድ፤ ተቀባዩ ሆስፒታልም በማዋለጃ ክፍሉ ታካሚ አድርጎ ይቀበላት። አዘጋጁን የምለምነው ይህን ጥያቄ ለጤና ቢሮው አቅርባችሁ ምላሹን በዚሁ ገጽ እንድታወጡልን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አባት
ከምዕራብ ጎጃም