የልጆቻችን የቤት ሥራ እና አንዲት ያላለቀች መጽሐፍ፦ የድጋፍ ጥሪ

ባለፈው ዓመት ነው። እራት ቀርቦ ልጄ የሶሻል ስተዲስ ደብተሩን ይዞ መጣ። ስድስተኛ ክፍል ነበር ያኔ። ናይሮቢ ተወልዶ ናይሮቢ ያደገ ልጅ ነው።

«ሆም ጋርድ ማለት ምንድነው?» አለኝ።

«ቤት ጠባቂ። ዘበኛ» አልኩት።

ደብተሩን ትንሽ አየት አደረገና «ታዲያ ዘበኛው ማው ማውን ለምን ይወጋል?» አለ። እኔ ደግሞ እንደ ብዙዎቻችሁ «ተወው ባክህ፣ የነሱ ታሪክ ነው፣ እኛ አልተገዛንም» ብዬ ላልፈው ነበር። ባለቤቴ ከማጀት ሆና ጣልቃ ገባች። «ባንዳ ነዋ!»

በቃ፣ ልጁ ገባው። ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመው! ማው ማው አርበኛ ነው? አዎ። ጫካ ገብተው? አዎ፣ አበርዴር የሚባል ጫካ። «ስኳተር»ስ? ጭሰኛ። በአባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ የሆነ። ወጡ ቀዘቀዘ። ለካ ቃሉ ሁሉ በአፋችን ነበር፤ ያጣነው ከልጆቻችን ደብተር ጋር የሚያገናኘን ሰው ነው።

ይህ ጥሪ የተወለደው ከዚያች እራት ነው። ናይሮቢ የምንኖር ስድስት ወላጆች ሆነን የኬንያን ታሪክ በአማርኛ የምትተርክ 64 ገጽ መጽሐፍ አዘጋጅተናል። ጽሑፉ አልቋል። የቀረው ሥዕሉ፣ ድምፁና ማተሚያ ቤቱ ነው። እሱ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል።

ምን እንደጻፍን ሳታውቁ ኪሳችሁን ዳብሱ ማለት ደስ አይልም። እስቲ ትንሽ ላቅምሳችሁ። ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የልጆቹ መጽሐፍ እንደዚያ ስለሆነ።

ኬንያን የገዛት አንድ ጌታ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የመጡት ፖርቱጋሎች ናቸው። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ሞምባሳ ደረሰ፤ ሞምባሳ ፊት ነሳችው። ማሊንዲ ግን ተቀበለችው፤ ወደ ሕንድ የሚመራውንም መርከበኛ ሰጠችው። ፖርቱጋሎች ቆይተው ሞምባሳን አቃጠሉ፣ በ1593ም ፎርት ጂሰስ የተባለውን ምሽግ መሥራት ጀመሩ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ክሪስቶቮ ዳ ጋማ የዚሁ የቫስኮ ልጅ ነው። በ1541 አራት መቶ ያህል ወታደር ይዞ ከምጽዋ የተነሳው፣ ከኢማም አህመድ ጦር ጋር ተዋግቶ አገራችን ላይ የሞተው። ለኛ ቤተ መንግሥት አጋዥ የነበረው ሕዝብ ለሞምባሳ አቃጣይ ነበር። ልጆቹ ይህንን ሲሰሙ አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ።

ከዚያ ኦማኖች መጡ። ምሽጉን ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከበው በ1698 ያዙት። ውስጥ የነበረውን ሰው ከጥይቱ ይልቅ ረሃቡና በሽታው ነው የጨረሰው። ሞምባሳ ሄዳችሁ በሩ ላይ ፎቶ የተነሳችሁ ብዙ ናችሁ፤ ይህንን ግን ማን ነገራችሁ?

እንግሊዝ ስትመጣ መጀመሪያ የመጣችው በኩባንያ ስም ነው። በ1888 ፈቃድ ያገኘው የንግድ ድርጅት አገሩን ማስተዳደር አቅቶት ከሰረ፤ በ1895 መንግሥት ራሱ ተረከበው። በሚቀጥለው ዓመት ከሞምባሳ ባቡር ይዘረጋ ጀመር። ሥራውን የሠሩት በብዛት ከሕንድ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ 2,500 ያህሉ አልቀዋል። ጻቮ ላይ አንበሳ ሠራተኛውን ከድንኳን እየጎተተ ይበላ ነበር። ሐዲዱ በ1899 ማሳዮች «ቀዝቃዛ ውሃ» የሚሉት ረግረግ ደረሰ። ያ ረግረግ ዛሬ የምንኖርበት ናይሮቢ ነው። ዝናብ ሲመጣ ኢስሊ ለምን ሐይቅ እንደሚሆን አሁን ገባችሁ?

መጽሐፋችን ረዘም አድርጋ የቆየችበት ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ባቡሩ ብዙ ወጪ ወጣበት። ወጪው እንዲመለስ የሚጫን ነገር ያስፈልጋል። የሚጫን ነገር እንዲኖር ነጭ ገበሬ መጣ፤ ለነጩ ገበሬ ለም መሬት ተሰጠው፤ መሬቱ ደግሞ ባለቤት ነበረው። ባለቤቱ ለነጩ በርካሽ እንዲሠራ በጎጆው ላይ ግብር ተጣለ። ግብሩ በገንዘብ እንጂ በእህል አይከፈልም። ገንዘቡ ያለው ነጩ እጅ ነው። እንዳይጠፋ ደግሞ ኪፓንዴ መጣ።

ኪፓንዴ መታወቂያ ነው። ከ16 ዓመት በላይ የሆነ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ ይይዘዋል። የጣት አሻራው፣ የአሠሪው ስም፣ ደመወዙ ተጽፎበታል። ከብረት በተሠራች ትንሽ ማህደር ይከተትና እንደ ክታብ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ሰዉ የፍየል ቃጭል ይለው ነበር። ያለ አሠሪው ፊርማ ሥራ ለቅቆ መሄድ ያሳስራል። ናይሮቢ ውስጥ ዛሬም መታወቂያን ኪፓንዴ የሚል ሰው አለ። ማታ ከሥራ ስንመለስ «ኪታምቡሊሾ!» (መታወቂያ!) ተብለን ኪሳችንን የምንዳብስ ሰዎች፣ ይቺ ምዕራፍ ብዙ ማብራሪያ አትፈልግም።

ዝም ብለው አልተገዙም። የናንዲ ሕዝብ መሪ ኮይታሌል አራፕ ሳሞይ ለእርቅ ና ተብሎ በ1905 በጥይት ተገደለ። መካቲሊሊ ዋ ሜንዛ የምትባል የባሕር ዳርቻ ሴት በ1913 ሕዝቧን በጭፈራ እየሰበሰበች ለእንግሊዝ ወጣት አንሰጥም አሰኘች። አስረው ወደ አገሩ ምዕራብ ጫፍ ቢወስዷትም አምልጣ ተመልሳ መጣች። በ1922 ግብሩንና ኪፓንዴን የሚቃወመው ሃሪ ቱኩ ሲታሰር ሜሪ ሙቶኒ ኛንጂሩ ወንዶቹን «ሱሪያችሁን ለኔ ስጡኝ፣ ቀሚሴን ልበሱ» ብላ አሸማቀቀቻቸው። ጥይት ሲተኮስ ከፊት ከወደቁት አንዷ እሷ ናት። ይህ የሆነው መሐል ናይሮቢ ነው፣ በየቀኑ በማታቱ ታክሲ የምናልፍበት።

ጥቅምት 20 ቀን 1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የነጻነት ታጋዩ ጆሞ ኬንያታ ታሰረ። ሺዎች የማው ማውን መሐላ ፈጽመው ጫካ ገቡ። የማው ማው መሪ ደዳን ኪማቲ በ1956 ተይዞ በየካቲት 1957 ካሚቲ እስር ቤት ተሰቀለ። በእነዚያ ዓመታት 1,090 ሰው በፍርድ ተሰቅሏል። በ1959 ሆላ በተባለ የእስረኞች ካምፕ 11 እስረኞች ተደብድበው ሞቱ፤ መጀመሪያ የተነገረው ግን ውሃ ጠጥተው ሞቱ ተብሎ ነው። ውሸቱ ለንደን ፓርላማ ደርሶ ትልቅ ቅሌት ሆነ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1963 ነጻነት መጣ። ኪሶይ ሙኛኦ የተባለ ተራራ ወጪ አዲሱን ባንዲራ ኬንያ ተራራ ጫፍ ላይ ተከለ።

ሆም ጋርዱን ባንዳ ስላልንበት ነገር ግን አንድ እርማት አለ። ረቂቁን ያነበቡልን ጡረታ የወጡ ኬንያዊ የታሪክ መምህር ቃሉን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሁሉም ወዶ አልገባም፤ ቤቱ እንዳይቃጠል ብሎ የገባ አለ፣ ልጆቻቸው ጎረቤቶቻችሁ ናቸው» አሉን። እውነታቸውን ነው። አንድ ገጽ ጨመርን።

ደግሞ «የነሱ ታሪክ» የምንለው ውስጥ እኛ ሞልተናል። ጣሊያን ሲወረን ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያ ድጋፍ የሚያሰባስብ የአፍሪካውያን ማኅበር ተቋቁሞ ነበር፤ ጸሐፊው ጆሞ ኬንያታ ነበር። ድንበር ተሻግረው የሸሹ ኢትዮጵያውያን በኢሲዮሎ፣ ቆይተውም በታቬታ ካምፕ ተጠልለዋል። በ1941 ጣሊያንን ከአገራችን ለማስወጣት ከኬንያ በኩል የመጣው ጦር ውስጥ ብዙ የኬንያ ልጆች ነበሩ። ነጻ ሊያወጡን ሲዘምቱ እነሱ ራሳቸው ነጻ አልነበሩም። እኔ ይህን ስጽፍ ብዕሬን አስቀምጬ ተነስቻለሁ።

የሚያስቅም አለ። በ2003 ስታንሊ ማቴንጌ የተባለው የማው ማው ጄኔራል ኢትዮጵያ ተገኘ ተብሎ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በአውሮፕላን ናይሮቢ መጡ። እንደ ጀግና አቀባበል ተደረገላቸው። ሰውየው የጄኔራሉን ቋንቋ ኪኩዩን አይችሉም። የዲኤንኤ ምርመራው ሲወጣ የኛው አገር ገበሬ ሆነው አረፉት!

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ። የ500 ቅጂ ማተሚያ 150,000 የኬንያ ሽልንግ ነው። ለሠዓሊው 40,000። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና ለሾፌሮች በድምፅ ለመቅረጽ 25,000። ልጆቹን ናይሮቢ ባቡር ሙዚየም እና ኡሁሩ ፓርክ የማው ማው መታሰቢያ ጋ ለመውሰድ፣ የአውቶቡስና የምሳ 35,000። በድምሩ 250,000። ከራሳችን ኪስና ከዕቁብ ጓደኞቻችን 92,000 ሰብስበናል፤ 158,000 ይቀረናል። ሙዚየሙን አትናቁት። በ1900 አንበሳ ገብቶ የፖሊስ አዛዡን ጎትቶ ያወጣበት ፉርጎ እዚያ ቆሟል።

300 ሽልንግ አንድ ቅጂ ያሳትማል። የአንድ በያይነቱ ዋጋ እንኳን አይሞላም። መጽሐፏ አትሸጥም፤ ለሚማር ልጅ ቤት በነጻ ትሰጣለች። የተረፈው በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ፣ በየምግብ ቤቱም ትቀመጣለች።

ይህን ጥሪ በተለይ የምናደርሰው በናይሮቢ በኩል ላለፋችሁ ነው። ኢስሊ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆናችሁ ተኝታችሁ፣ ወደ ውጭ የሚወስዳችሁን ፕሮሰስ ስትጠብቁ ዓመታት ቆጥራችሁ፣ ዛሬ ሚኒሶታ፣ ቶሮንቶ ወይም ሜልበርን ያላችሁ። ይቺ ከተማ ብዙም ባትመች አሳድራችኋለች።

ገንዘቡን በተመለከተ ስጋታችሁ ይገባኛል። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ መዋጮ ሰጥቼ ምን እንደ ሆነ እስካሁን አላወቅኩም። ስለዚህ ሦስታችን ካልፈረምን አንድ ሽልንግ አይወጣም። ደረሰኙ ሁሉ ፎቶ ተነስቶ ለሰጪዎች በቴሌግራም ይላካል። ናይሮቢ ያላችሁ በኤምፔሳ ላኩ፤ ቁጥሩን ከኛው ከወላጆቹ ውሰዱ እንጂ ሰው ያስተላለፈላችሁን ቁጥር አትመኑ። ውጭ ያላችሁ በዘመድ በኩል አድርሱልን። ከታኅሣሥ 12 የነጻነት በዓል በፊት ከማተሚያ ቤት እንድትወጣ ነው የምንሮጠው።

ገንዘብ የሌላችሁም አትሸሹ። አማርኛውን የሚያርም ዓይን፣ ለቀረጻው ጥሩ ድምፅ ያላት ሴት እንፈልጋለን። ከሁሉ በላይ ግን አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ኢሲዮሎ ወይም ታቬታ ካምፕ የነበረ ሰው ካለ ይንገረን። ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ የተነገረ ታሪክም ቢሆን። ለዚያ ምዕራፍ ሁለት ባዶ ገጽ ትተናል። ፎቶውን ግን በስልክ አንስታችሁ ላኩልን፤ ዋናውን ከሣጥኑ አታውጡት።