መልሱን ቀድሞ እንዳይነግራቸው

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዘንድሮ ግን ብርዱ ብሷል። እዚህ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚነጋው።

ወንድምሽ ከአዲስ አበባ መጥቶ ያወራው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ከስታለች አለ። ቁርስ አትበላም፣ ሌሊቱን ላፕቶፕ ላይ አፍጥጣ ታድራለች፣ የመመረቂያ ጽሑፏ አንድ ምዕራፍ ቢያስቸግራት ኤአይ በሚሉት የኮምፒዩተር ፕሮግራም አስጻፈችው አለ። ለመክሳትሽ እናትሽ በሶ ልካልሻለች፤ ጠዋት ጠዋት በማር እየበጠበጥሽ ጠጪ። ባናውንም ልበሺው፣ ሻንጣ ውስጥ አታስቀምጪው። ስለ ምዕራፉ ግን የማናግርሽ እኔ ነኝ። አጥፊውና በራስሽ ቃል እንደገና ጻፊው።

ለፋሲካ መጥተሽ፣ ልጆችን ሒሳብ ስለሚያስጠናው ስለምትሠሪው ኤአይ ምድጃው ዳር ያስረዳሽኝን አልረሳሁም። ብሉም የሚባለው ምሁር በፈረንጆቹ 1984 የጻፈውን ነገርሽኝ። የግል አስጠኚ ያገኘ መካከለኛ ተማሪ በክፍል ተሰብስበው ከሚማሩት 100 ልጆች 98ቱን ይበልጣል አልሽኝ። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ስለሠሩት ፕሮግራምም አወራሽኝ። ልጁ አንድ ጥያቄ በመለሰ ቁጥር የቱን እንደያዘ፣ የቱ እንዳመለጠው እየገመተ ይሄዳል አልሽ። አንቺ ስለ ጥናትሽ ነበር የምታወሪው። እኔ ግን ድሮ ያስተማርኩትን አንድ ልጅ እያሰብኩ ሳልተኛ አደርኩ።

እናትሽ ታውቃለች። ላንቺ ግን ሙሉውን ነግሬሽ አላውቅም።

አምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። በአንድ ክፍል 74 ልጅ። ከጓሳ በኩል በእግሩ የሚመጣ ልጅ ነበር። ኅዳርን ሙሉ ቀረ፤ አጨዳ ነው። ሲመለስ እኛ ክፍልፋይ ጨርሰናል። ሰሌዳ ላይ አወጣሁት። አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ። ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደመረና ሁለት አምስተኛ ብሎ ጻፈ። ተናደድኩ። መልሱን ራሴ ጻፍኩና «ይኸው፣ ቅዳ!» አልኩት። ቀዳ። ደብተሩ ላይ ልክ ሆነ። ፈተና ላይ ያንኑ ሁለት አምስተኛ ጻፈ። በልጆቹ ሁሉ ፊት «ድንጋይ ራስ» አልኩት። በሳምንቱ ትምህርቱን ተወ።

ልጁ እኮ ክፍልፋይ ያውቅ ነበር። አባቱ የሰው መሬት በእኩል ያርስ ነበር። እኩሌታ፣ ሲሶ፣ እርቦ የቤታቸው የዘወትር ወሬ ነው። «ከስድስት ቁና ገብስ እኩሌታውና ሲሶው አንድ ላይ ስንት ይሆናል?» ብዬው ቢሆን፣ ሦስትና ሁለት፣ አምስት ቁና ይለኝ ነበር። አምስት ስድስተኛ ማለት እሱው ነው። አንዲት ጥያቄ ነበረች የጎደለችው። እኔ አልጠየቅሁም። መልሱን ሰጠሁት።

ስለዚህ ልጄ፣ የምትሠሪው ነገር መልሱን ቀድሞ እንዳይነግራቸው። ቱርክ አገር የተደረገውን ጥናት የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2024 ያወጡት፣ 1000 የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተሳተፉበት። ኤአዩን እንዳሻቸው የጠየቁት ልጆች ልምምዱን 48 በመቶ አሻሽለው ሠሩ። ኤአዩ ሲወሰድባቸው ግን ጭራሽ ካልነኩት ልጆች 17 በመቶ ወረዱ። ፍንጭ ብቻ እየሰጠ እንዲመራ የተሠራው ደግሞ ያን ጉዳት በአብዛኛው አስቀረው። እኔ በጠመኔ ያደረግሁት ነው እኮ! ይኸው ቅዳ ማለት ነው። መልሱን አይንገራቸው። ይጠይቃቸው።

ይህን ሁሉ እያወቅሽ ነው ምዕራፍ የምታስጽፊው? በዚህ አልታገሥሽም።

በአማርኛ ስትሠሪው ሲሶንና እርቦን አስገቢለት። በላዕልና በታህት ብቻ ከጀመረ የገበሬ ልጅ ይጠፋዋል። ያለ ኔትወርክም የሚሠራ ይሁን፤ የእኛን አገር ኔትወርክ ታውቂዋለሽ። ደግሞም መልሱን ቀድሞ አይናገር። ደጋገምኩብሽ አይደል? ልደጋግመው።

ትንሽ ሳለሽ ጠመኔዬን እየሰረቅሽ ጓዳው በር ላይ ቁጥር ትጽፊ ነበር። በሩን እስካሁን አላስቀባሁትም።

ያንን ልጅ ባለፈው ገበያ አገኘሁት። ጎልማሳ ሆኗል። አራት በግ ሸጦ ብር ይቆጥራል፤ አቆጣጠሩ ከእኔ ይፈጥናል። «ጋሼ» ብሎ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ይቅርታ ልለው ፈልጌ ቃል አጣሁ። አሁን የእሱ ልጅ ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ገብቷል።

ጥናትሽን ልትሞክሪ ስትመጪ መጀመሪያ እሱ ቤት ነው የምንሄደው። አንቺ ልጁን ታስጠኚያለሽ፣ እኔ ከአባቱ ጋር የማወራው አለኝ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ሌሊት ነው የምንነሳው። ወፍራም ጫማ ይዘሽ ነይ። ጋቢ እኔ እይዝልሻለሁ።

አባትሽ