ለአባባ፣ ዘጌ

ይድረስ ለአባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማሙሽ የፊት ጥርሱ ወልቆ፣ «ጣራ ላይ የሚወረውርልኝ አያቴ ነው» ብሎ በወረቀት ጠቅልሎ አስቀምጦታል። ሚሚ አራተኛ ክፍል ገባች። እሷም ሥዕል ይዟታል፤ ደብተሯን ሞላችው።

ባለፈው የግራ ዓይንዎን ሞራ ጋርዶታል መባልዎን ሲነግሩኝ ዝም ያልኩት ኔትወርክ ተቆርጦ አይደለም። መናገር አቅቶኝ ነው።

ሰው ሲጠይቅዎት «ባሕር ዳር ማተሚያ ቤት ትሠራለች» ይላሉ። የምሠራው ኮሚክ ነው። ሥዕሉ በሳጥን በሳጥን ተከፋፍሎ ተረት ይተረክበታል። የእኔ ተረት ሐይቅ ዳር ስለምትኖር ልጅ ነው። ሦስት መጽሐፍ ይሆናል፤ ሁለቱ ወጥተዋል። አባቷ በተቆጣ ቁጥር ሐይቁ ይሞላና ደጃፉን አልፎ ቤት ይገባል። እናቷ ከምድጃው ወደ አልጋው በታንኳ ትቀዝፋለች። ስለ ውሃው ማንም አያነሳም።

አባትየው ሲቆጣ ፊቱ ወደ ጎን ይዞራል። አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል።

ከየት እንዳመጣሁት ያውቃሉ። የካቲት 16 ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይዘውኝ ሄደው፣ የመቅደሱን ግድግዳ በጣትዎ እያሳዩ፣ «ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያይሻል፤ ክፉው ግን በጎኑ ነው የሚሣለው» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ሥዕል ማንበብ የተማርኩት ያን ቀን ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ደብተሬን ያቃጠሉትም እርስዎ ነዎት። ጦጣ ቡናውን ሲጨርሰው እኔ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ስሥል ያገኙኝ ቀን። ቡና የሚቆላበት ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ጫፉ መጀመሪያ ጠየመ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ተጠቀለለ። የሣልኳት ታንኳ ለአፍታ ፍሙ ላይ ታየችና ጠፋች። እማማ ምጣዱን መልሳ ጣደችና ቡናውን ማመሷን ቀጠለች። ያን ቀን ቡና ጠጣን፣ አባባ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስቱንም።

ሁለት መጽሐፍ ሙሉ የሣልኩት የዚያን ቀን ፊትዎን ነው።

በሁለተኛው መጽሐፍ ልጅቷ አድጋ ከቤት ትወጣለች። ቁጣው እምቦጭ ሆኖ ይከተላታል። እምቦጭን እርስዎ ያውቁታል፤ ነቅዬ ጨረስኩ ሲሉት ዘሩ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። አበባው ግን ያምራል። ልጅቷ ቀጥፋ ፀጉሯ ላይ ትሰካዋለች።

ባለፈው ወር ሚሚ ያለቀ ገጽ ላይ ቀለም ደፋችብኝ። ጮኽኩባት። ከአፌ የወጣው የእርስዎ ድምፅ ነው። ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛውን መጽሐፍ መሣል አልቻልኩም።

ከዚያ እርስዎ ደውለው ሞራ አሉኝ። በግራ። እኔ ሳልሥል የተውኩት ዓይን ግራው ነው። በእኔ የመጣ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሌሊት ስነቃ ግን አያሳምነኝም።

እባክዎ ቀጠሮውን «ለቀማው ይለፍ» ብለው አያሳልፉት። ዓይኑ ደንዝዞ ነው የሚሠራው፤ ሞራ ያለበት ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ ግን ሸክም የለም፣ ማጎንበስ የለም፣ ጭስ የለም። እኔ ጋ ነው የሚሰነብቱት። ጠብታውን በሰዓቱ ሚሚ ታደርግልዎታለች።

ቅዳሜ ጠዋት በጀልባ እመጣለሁ። ሁለቱን መጽሐፍ ይዣለሁ። ሌላ ሰው ሳያነብልዎት ራስዎ ይዩዋቸው። ይቆጡ ይሆናል።

ያኔ ስለ በላዔ ሰብእ ጠይቄዎት ነበር። 78 ሰው የበላ፣ የገዛ ቤተሰቡን ሳይቀር፣ በአንድ ጥርኝ ውሃ እንዴት ይማራል ብዬ። ምን እንደመለሱልኝ ጠፋኝ። የማስታውሰው ወባ ይዞኝ ሌሊቱን ወደ ባሕር ዳር የቀዘፉበትን ነው። መቅዘፊያውን እያቆሙ ከሐይቁ በእጅዎ እየጨለፉ ግንባሬን ያረጥቡት ነበር። ፊትዎን ለማስታወስ ብዙ ሞከርኩ። ጨለማ ነበር፤ አላየሁትም።

ቅዳሜ ስመጣ፣ ድካም ካልሆነብዎት፣ ትንሽ ደጅ ብርሃኑ ላይ ይቀመጡልኝ። ፊት ለፊት ልሣልዎት።

ልጅዎ