የባሕር ፈረስ ከመግዛታችሁ በፊት ውሃው ይድረስ

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ሰሞኑን እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለልጆቻቸው የባሕር ፈረስ (ሲሆርስ የሚባለውን ትንሽ ዓሳ) ሊገዙ የሚያስቡ ቤተሰቦች እየበዙ ስለሆነ ይችን ደብዳቤ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል። ወንዱ ነው እኮ እንቁላሉን ሆዱ ላይ ባለው ከረጢት ተሸክሞ የሚወልደው፣ ልጅ ይህን ቤቱ ውስጥ ሲያይ እንዴት እንደሚደነቅ ስለማውቅ በጭራሽ አትግዙ አልልም። ግን እባካችሁ ታንኩን (የሚኖርበትን የመስታወት ገንዳ) እና እንስሳውን ባንድ ቀን አትግዙ!

መጀመሪያ ታንኩን ሞልታችሁ ፊልተሩን አስነሱና ትንሽ ትንሽ የዓሳ ምግብ እየጨመራችሁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንስሳ ሳይገባበት ይቆይ፣ ምክንያቱም የተረፈ ምግብና የእንስሳው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያ ደሞ መርዝ ነው፣ እሱን ወደ ናይትራይት ከዛም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ጊዜ ይፈልጋሉ። በቴስት ኪት (በውሃ መመርመሪያ) ስትለኩት አሞኒያውም ናይትራይቱም 0 ካልሆነ ሻጩ ምንም ቢላችሁ እንስሳ አታስገቡ። የወጥ ጨው አይሆንም፣ ለአኳሪየም የተሰራውን የባሕር ጨው በአርኦ (ሪቨርስ ኦስሞሲስ በሚባለው ማጣሪያ) በተጣራ ውሃ በጥብጡ።

ለጥንድ ቢያንስ 30 ጋሎን ያስፈልጋል፣ ቁመቱም ረዘም ይበል፣ ሲጣመሩ ተያይዘው ወደ ላይ ነው የሚወጡት። ሙቀቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እንደ ሌላው የኮራል ዓሳ 78 ፋራናይት ያደርጉታል፣ በሞቀ ውሃ ግን በሽታ የሚያመጣባቸው ባክቴሪያ ይፈላል፣ ስለዚህ ከ70 እስከ 74 ያዙት፣ በበጋ ማቀዝቀዣ ሊያስፈልግ ይችላል። በጅራቱ የሚይዘው ነገር አስቀምጡለት፣ ፓምፑ ውሃ የሚስብበትን አፍ በስፖንጅ ሸፍኑት።

የባሕር ፈረስ ጨጓራ የለውም፣ የበላው ቶሎ ያልፋል፣ ስለዚህ በቀን 2 ወይ 3 ጊዜ መብላት አለበት፣ ሲዋኝም ደካማ ነው፣ ምግቡን ቆም ብሎ አይቶ ነው በረጅሙ አፉ የሚስበው፣ ከፈጣን ዓሳ ጋር ካደረጋችሁት እየተራበ ይሞታል። ብዙ ስለሚመገብ ውሃው ቶሎ ይቆሽሻል፣ የተረፈውን በየቀኑ ማውጣት፣ ውሃውንም በየሳምንቱ በከፊል መቀየር ግድ ነው። ለሽርሽር ስትሄዱ ማን እንደሚያበላው ከወዲሁ አስቡበት።

ከባሕር የተያዘ ግን አትግዙ። ሳይተስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሁሉንም የባሕር ፈረስ ዝርያ ንግድ በቁጥጥር ስር ያዋለው ከባሕሩ እያለቀ ስለሆነ ነው፣ እዚሁ ቼሳፒክ ቤይ ሳር ውስጥም የሚኖር ዝርያ አለ፣ ልጆቻችሁ ካገኙት አይተው እዛው ይተዉት። ከባሕር የመጣው ብዙ ጊዜ ሕይወት ያለው ነገር ካልሆነ አይበላም፣ በእርባታ ያደገው ግን ፍሮዝን ማይሲስ (ሽሪምፕ የሚመስል በረዶ የሆነ ጥቃቅን የውሃ እንስሳ) ለምዷል። ስለዚህ የት እንደተራባ ሻጩን ጠይቁት፣ ከመክፈላችሁም በፊት እያያችሁ ፍሮዝኑን ያብላው፣ ካልበላ አትውሰዱት።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ