የከተማችን መድረኮች በጋዜጣችን ላይ ቦታ ያግኙ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

ጋዜጣችሁን ለዓመታት ስከታተል፣ በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ የሚወጡትን የሙዚቃ ዝግጅት ማስታወቂያዎች ሳላነብ አልፌ አላውቅም። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ከአዲስ አበባና ከዋሽንግተን የሚመጡ ድምፃውያን በየትኛው አዳራሽ እንደሚዘፍኑ፣ መግቢያው ስንት እንደሆነ፣ ትኬቱም በየትኞቹ ሱቆችና ምግብ ቤቶች እንደሚሸጥ የምናውቀው ከእናንተ ነው። ይህ አገልግሎት ይቀጥል። የምጽፍላችሁ ግን ስለጎደለው ነው፤ የምንኖርባት አትላንታ ራሷ ዓመቱን ሙሉ የምታቀርባቸው የሙዚቃ፣ የቴአትርና የኮሜዲ ዝግጅቶች፣ ከመካከላቸው በነፃ የሚታዩ እያሉ እንኳ፣ በጋዜጣችሁ ላይ አንድ መስመር አይወጣላቸውም። በየወሩ ቢያንስ ግማሽ ገጽ እንዲመደብላቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ፣ የሜሞሪያል ደይ በዓል በሚከበርበት ሰሞን፣ በፒድሞንት ፓርክ የአትላንታ ጃዝ ፌስቲቫል ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1978 የተጀመረ፣ መግቢያ የማይከፈልበት፣ ቤተሰብ ምንጣፉንና ምሳውን ይዞ ሣር ላይ ተቀምጦ የሚሰማው ዝግጅት ነው። ጃዝ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ሙዚቃ አይደለም። አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 ከነባንዱ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ተጫውቷል፤ የኢትዮ ጃዝ አባት የምንለው ሙላቱ አስታጥቄም በዚያ ጉብኝት ወቅት ከእርሱ ጋር ሠርቷል። ያንን ዘመን በወጣትነታቸው ያዩ አባቶችና እናቶች ዛሬ በአትላንታ ዙሪያ ባሉት በክላርክስተንና በዲኬተር ጡረታ ወጥተው ተቀምጠዋል፤ ፌስቲቫሉ በአውቶቡስና በባቡር የሚደረስበት ሆኖ ሳለ፣ በሚያነቡት ቋንቋ ቀኑን የነገራቸው የለም።

እንዲህ ያለው ዝግጅት ለሁሉም ክፍት መሆኑ እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በ1973 የአትላንታ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሆነው የተመረጡት ሜይናርድ ጃክሰን፣ ሥልጣን በያዙበት በ1974 በከተማው አስተዳደር ውስጥ የባህል ጉዳዮችን የሚመራ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ፤ ኪነ ጥበብ ሀብታሞች ብቻ የሚደግፉት ሳይሆን የከተማ አስተዳደር ሥራ እንዲሆን ያደረጉ ሰው ናቸው። ከዚያ በፊት የነበረውንም ማወቅ ይገባናል። በ1929 የተከፈተውና ከ4,600 በላይ መቀመጫ ያለው ፎክስ ቴአትር፣ በዘር መለያየት ዘመን ጥቁር ተመልካቾችን የሚያስገባው በውጭ በኩል በተሠራ ደረጃ ወጥተው በላይኛው ሰገነት ብቻ እንዲቀመጡ በማድረግ ነበር። በዚያው ዘመን በኦበርን ጎዳና ጥቁሮች የራሳቸው መድረክ ነበራቸው፤ ሬይ ቻርልስና ጄምስ ብራውን የዘፈኑበት ሮያል ፒኮክ ከእነዚህ አንዱ ነው። ፎክስ ራሱ በ1970ዎቹ አጋማሽ ፈርሶ ቦታው ለአንድ የስልክ ኩባንያ ሕንፃ ሊውል ሲል፣ የከተማው ነዋሪ ገንዘብ አዋጥቶና ተሟግቶ አተረፈው። ዛሬ እኛ በፊት በር ገብተን በፈለግንበት ወንበር የምንቀመጠው እነዚያ ሰዎች ታግለው ባስከፈቱት በር ነው። በዚያ በር አለመግባታችን ያሳዝነኛል።

ርቀቱ ምክንያት እንዳይሆን መንገዱን ልጥቀስ። ከክላርክስተን በአውቶቡስ ኢንዲያን ክሪክ ጣቢያ የደረሰ ሰው፣ ከዚያ በሚነሳው ማርታ በተባለው የከተማው ባቡር በሦስተኛው ጣቢያ ዲኬተር አደባባይ ይወርዳል። እስከ ፋይቭ ፖይንትስ ተጉዞ ወደ ሰሜን የሚሄደውን ባቡር ከያዘ ደግሞ በኖርዝ አቬኑ ወርዶ ፎክስ፣ በአርትስ ሴንተር ወርዶ የዉድረፍ የሥነ ጥበብ ማዕከል ይደርሳል። ይህ ማዕከል ሃይ ሙዚየምን፣ የከተማውን ሲምፎኒ ኦርኬስትራና አላያንስ ቴአትርን በአንድ ግቢ የያዘ ሲሆን፣ በ1968 የተከፈተው ከስድስት ዓመት በፊት በፓሪስ ኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ በደረሰ አደጋ ላለቁ ከመቶ በላይ የአትላንታ የኪነ ጥበብ ወዳጆች መታሰቢያ እንዲሆን ነው። ከዚያው ጣቢያ በእግር የሚደረስ የአሻንጉሊት ቴአትር ማዕከልም አለ፤ በ1978 ሲከፈት ጥብጣቡን የቆረጡት ታዋቂው የአሻንጉሊት ባለሙያ ጂም ሄንሰንና ከርሚት የተባለው የእርሱ አሻንጉሊት ነበሩ። ይህንን ቦታ በተለይ የማነሳው በየቤታችን የልጅ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ፣ እንግሊዝኛ የማይናገሩ አያቶች ስላሉ ነው። የአሻንጉሊት ቴአትር በእንቅስቃሴና በዓይን ብዙ የሚናገር በመሆኑ፣ አያትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ለሌላው ማስተርጎም ሳያስፈልገው አብረው የሚስቁበት ቦታ ነው፤ በዚህ አገር እንዲህ ያለ ሰዓት ለእነርሱ ብዙም አይገኝም።

ስለ ወጣቶቻችንና ስለ ሙዚቀኞቻችን ደግሞ የሚበልጥ ነገር አለኝ። በከተማችን ክራርና ማሲንቆ የሚጫወቱ፣ ኪቦርድ ላይ የተካኑ ባለሙያዎች አሉን፤ ቅዳሜና እሑድ ማታ በምግብ ቤቶች ለዚያው ለሚያውቃቸው ታዳሚ ይጫወታሉ፣ ሰኞ ወደ ሌላ ሥራቸው ይመለሳሉ። ዲኬተር ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው ኤዲስ አቲክ ግን፣ ድምፃዊው ጆን ሜየር ስሙ ሳይገን የተጫወተበት ትንሽ አዳራሽ ነው፤ ያልታወቀ ሙዚቀኛ ተመዝግቦ ሥራውን የሚያቀርብበት የኦፕን ማይክ ምሽት በማዘጋጀትም ይታወቃል። በኮሜዲም እንደዚሁ ነው። በ1995 የተመሠረተው ዳድስ ጋራዥ፣ በኦልድ ፎርዝ ዋርድ ሰፈር ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የነበረ ሕንፃ ውስጥ፣ ተዋንያን ያለ ጽሑፍ ታዳሚው በሚሰጣቸው ሐሳብ ተነስተው ወዲያው የሚፈጥሩትን ጨዋታ ያቀርባል። በየሠርጉና በየልደቱ ቤት ሙሉ ሰው የሚያስቁ ልጆች አሉን፤ በሁለት ቋንቋ የሚቀልዱ፣ የእኛንም የአሜሪካኖቹንም አመል ጠንቅቀው የሚያውቁ ናቸው። ይህ ችሎታ ከቤት ወጥቶ የሚፈተንበት መድረክ በከተማው እንዳለ የሚነግራቸው ግን የለም፤ ወላጆችም ስለማያውቁት ልጁ ስለ ኮሜዲ ሲያነሳ እንደ ቀልድ ያልፉታል።

አንዳንድ ወላጆች በእንዲህ ያሉ ምሽቶች ጸያፍ ቃል ይነገራል፣ መጠጥም ይሸጣል ብለው እንደሚሰጉ አውቃለሁ። ስጋታቸው መሠረት የለውም አልልም፤ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ በሚቀልድባቸው የስታንድአፕ ኮሜዲ ክበቦች ለልጅ የማይሆን ንግግር መኖሩ እውነት ነው። መፍትሔው ግን ሁሉንም መተው ሳይሆን የትኛው ለማን እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ነው፤ የጋዜጣ ሥራም ይኸው ነው። የምጠይቀው ዝርዝር እያንዳንዱ ዝግጅት ለየትኛው ዕድሜ እንደሚስማማ፣ እንግሊዝኛ ምን ያህል እንደሚፈልግ፣ በነፃ ወይም በስንት ዶላር እንደሆነ፣ በየትኛው ባቡር ጣቢያ እንደሚወረድ ወይም መኪና የት እንደሚቆም ቢገልጽ ይበቃል። የሚጀመርበትን ሰዓት ደግሞ ጎላ አድርጋችሁ አትሙት። የእኛ የሙዚቃ ምሽቶች ከተባለው ሰዓት ዘግይተው መጀመራቸውን ለምደናል፤ በሲምፎኒና በቴአትር አዳራሾች ግን ዘግይቶ የመጣ ሰው ተስማሚ እረፍት እስኪገኝ በር ላይ ሊቆም ይችላል፤ ከነቤተሰቡ አንድ ጊዜ እንደዚያ የቆመ ሰው ሁለተኛ ላይመለስ ይችላል።

ይህ ሥራ የሰው ኃይል እንደሚጠይቅና የዝግጅት ክፍላችሁም በጥቂት ሰዎች የሚንቀሳቀስ መሆኑን እረዳለሁ። ስለዚህ ከአዳራሾቹና ከከተማው የባህል መሥሪያ ቤት የሚወጡትን መርሐ ግብሮች ሰብስቤ፣ በአማርኛ አዘጋጅቼ፣ ጋዜጣው ወደ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ አስቀድሞ በየወሩ ያለ ክፍያ ልልክላችሁ ዝግጁ ነኝ። ፈቃዳችሁ ከሆነ ጽሑፉ የሚደርስበትን ቀንና ልትሰጡት የምትችሉትን ቦታ ብታሳውቁኝ ለሚቀጥለው እትም አደርሳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ
ክላርክስተን፣ ጆርጂያ