ለማህሌት፦ ስለ ቡቺ አተነፋፈስ

ውድ ማህሌት፣

አቦ፣ ምን ያህል ተጠፋፋን! ሐረርና ድሬ ጎረቤት ሆነው ይህን ያህል ዝም መባባላችን ይገርማል። እማማ ደህና ናቸው? ሰፈርሽ ከዚራስ እንዴት ነው? ታንቆ ይሆን ብለሽ የላክሽልኝን የውሻሽን የቡቺን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። አይዞሽ፣ አልታነቀም።

ይህ የተገላቢጦሽ ማስነጠስ ነው። ከላንቃው በስተኋላ፣ አፍንጫና ጉሮሮ የሚገናኙበትን ቦታ አንድ ነገር ሲቆረቁረው ጡንቻው ይኮማተራል፤ ውሻውም አየሩን በአፍንጫው በኃይል ወደ ውስጥ ይስባል። ልብ ብለሽ እዪው፦ አፉ ዝግ ነው፣ አንገቱን ዘርግቷል፣ ክርኖቹን ወደ ውጭ ከፍቷል። ሲያበቃ ደግሞ ጭራውን እየቆላ ይሄዳል። የታነቀ ውሻ እንዲህ አይደለም፤ አፉን ከፍቶ ፊቱን በመዳፉ ይቧጭራል። ጥሩምባ የሚመስል ደረቅ ሳል ከሆነም ችግሩ የአየር ቧንቧው ሊሆን ስለሚችል ሌላ ምርመራ ይፈልጋል።

ሲነሳበት አትጩኺ፤ ድንጋጤ ያብስበታል። ጉሮሮውን ከላይ ወደ ታች በጣትሽ ቀስ አድርገሽ እሺለት። ካልተወው የአፍንጫውን ቀዳዳዎች ለአንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ ሸፈን አድርጊ፤ ምራቁን ሲውጥ ብዙ ጊዜ ይለቀዋል። ውሃ በግድ አታጠጪው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ያልተከተበ ውሻ መዋጥ አቅቶት ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ ድምፁም ከተለወጠ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላልና አትንኪው።

የድሬ አቧራ አንዱ ቀስቃሽ ነው። በርበሬ ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ወደ ግቢ አውጪው። ቪዲዮው ላይ ገመዱ አንገቱን ሲጎትተው ነው የጀመረው፤ ስለዚህ በደረቱ የሚታሰር ማሰሪያ ይሻለዋል።

አልፎ አልፎ መጥቶ በሰከንዶች ውስጥ፣ ቢበዛ በአንድ ደቂቃ የሚያልፍ ከሆነ መድኃኒት አያስፈልገውም። በየቀኑ ከተደጋገመ፣ ወይም ከአንዱ ቀዳዳ ብቻ ደም ወይም መግል ከወጣ፣ ሐኪም ውስጡን ይየው፤ የሣር እሾህ ገብቶ፣ ከኩሬ ከጠጣም አልቅት ተጣብቆበት ሊሆን ይችላል። በአፍንጫ ውስጥ የሚኖር ጥቃቅን ተባይም አለ። ለእሱ ብለሽ ግን አይቨርሜክቲን የሚባለውን የከብት የተባይ መድኃኒት በግምት እንዳትወጊው፤ መጠኑ ይለያል፣ አንዳንድ ዝርያዎችንም ይመርዛል። ድዱ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ ግን አትጠብቂ፣ ወዲያው ውሰጂው።

ቪዲዮውን አትሰርዢው። ሐኪሙ ፊት ላይነሳበት ስለሚችል እሱን ብታሳዪ ይበቃል። ክትባቱ መቼ እንደነበረም ጻፊልኝ።

ናፍቆትሽ የጸናበት ወዳጅሽ