መጠኑም ይጻፍ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ አገራችን መድኃኒትነት ያላቸው ዕፅዋት የምታወጡትን ሳላነብ አላልፍም። ጥቁር አዝሙድ፣ እርድ፣ ግራዋ፣ ፌጦ፣ ጤና አዳም፣ ሁሉም ተወድሰዋል፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን ምን ያህል ይወሰድ፣ የትኛው የተክሉ ክፍል፣ ማን አይንካው የሚል መስመር አጣሁ። ዕድሜዬን በደምቢያና በጎንደር በነርስነት ስላሳለፍኩ ይህ ዝምታ ያስጨንቀኛል።

ኮሶን እንውሰድ። የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆ ይፈጭና በውኃ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። የኮሶ ትሉን በእርግጥ ያስወጣል። አውሮፓውያንም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእኛ ተቀብለው በመድኃኒት መዝገቦቻቸው አስገብተውታል። ያው ትሉን የሚጎዳው ንጥረ ነገር ግን ሲበዛ የሰውን ዐይን ይጎዳል፣ ብርሃን እስከማሳጣትም ይደርሳል። ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው፤ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። ቅዳሜ ገበያ በጭብጥ ሲሸጥ ይህን ማን ይናገራል? ጭብጡስ የማን ነው? የአንዱ አበባ ዘንድሮ የተለቀመ ነው፣ የሌላው ከርሞ ኃይሉ አልቋል። በደካማው ያልተሻለው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ እጥፍ አድርጎ ይጠጣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ትኩሱ ይደርሰዋል።

በእንዶድ የምኮራውን ያህል እፈራዋለሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነበር ምርምራቸውን የጀመሩት። በውኃ የሚይዘውን የቢልሃርዚያ በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድል ርካሽ መላ ከወንዛችን ዳር ተገኘ። ጣና ዳር ለሠራን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን እንዶድ የሚጨመረው ውኃው ውስጥ ነው፤ በሽተኛውን የሚፈውሰው ፕራዚኳንቴል የተባለው ኪኒን ነው። በእኛ አካባቢ እብድ ውሻ ለነከሰው ሰው የእንዶድ ሥር በጥብጠው የሚያጠጡ አሉ። እንዲህ ጠጥቶ ቤቱ የተቀመጠ አንድ ልጅ ውኃ ሲያይ መደንገጥ ከጀመረ በኋላ አመጡልን። አላተረፍነውም። ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥበው ለክትባት ቢያመጡት ኖሮ ዛሬ ጎልማሳ ነበር።

ዕፅዋትን የማጥላላ ሰው አይደለሁም። መተማ ወርዶ ወባ የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ የሚውጠው ኮአርተም መነሻው የቻይና ዕፅ ነው። ተመራማሪዋ ቱ ዮዮ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙት ንጥረ ነገሩን ከዕፁ ለይተው ለማውጣት በመብቃታቸው ነው፤ ማፍላት ኃይሉን እንደሚያጠፋው ተረድተው በዝቅተኛ ሙቀት አወጡት። ከዚያ በኋላ ነው ለሕፃኑ ይህን ያህል፣ ለአዋቂው ያን ያህል ተብሎ በኪኒን የተሰፈረው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ስለ አንድ ተክል በጻፋችሁ ቁጥር አጠገቡ ትንሽ ሣጥን አስምሩና የሚጠቅመውን ክፍል፣ የተመረመረ መጠን ካለው መጠኑን፣ ከሌለውም አለመመርመሩን፣ ከየትኛው የሐኪም መድኃኒት ጋር እንደማይሄድ አስፍሩ። ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃናትን ከሁሉም አስቀድሙ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ መምህራን ብትጠይቋቸው የሚያግዟችሁ ይመስለኛል።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ፣
ከአዘዞ፣ ጎንደር